ቴሌግራም ላይ ያልነበሩት 144 ተማሪዎች

የሦስት ተማሪዎች የቤት ሥራ ፎቶ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሦስቱም ላይ ደብተሩን ጫን አድርጎ የያዘ አውራ ጣት ይታያል። ጣቱ ላይ ሂና አለ። ሂናው ከጥፍሩ ጫፍ ትንሽ ለቋል። በሦስቱም ፎቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ከላኪዎቹ አንዱ ወንድ ነው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ለባለቤቴም አሳየሁት። "ልጁ ሰርግ ነበረበት እንዴ?" አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ለሦስት ሳምንት "ጎበዝ! 10/10" እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት ለአንዲት ልጅ አውራ ጣት ነው ማለት ነው።

ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ መጨረሻ። ቦታው ደሴ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አራት ክፍል፣ በድምሩ 231 ተማሪ ነበረኝ። ይህን የምጽፈው በበሽታም ይሁን በሌላ ምክንያት ትምህርት ቤት ድንገት ቢዘጋባችሁ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙ ነው። አዲስ ስህተት ሥሩ፤ እሱ መቼም አይቀርም።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ነው። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። ተማሪዎቹ ጨፈሩ። እውነቱን ለመናገር እኛም ስታፍ ውስጥ ፈገግ ብለን ነበር፤ ያልታረመ ፈተና ተከምሮብናል። እኔ ሰሌዳው ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ስዬ "ነገ እንጨርሰዋለን" ብዬ ነበር የወጣሁት። 15ቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ።

ዳይሬክተራችን "በቴሌግራም ድረሷቸው" አለን። ስልጠና የለም፣ ካርድ የለም። እሱንም አልወቅሰውም፤ እሱም ከላይ የተባለውን ነው ያስተላለፈው። ግሩፕ ከፈትኩ። በሳምንት ውስጥ 87 ልጆች ገቡ። ደስ አለኝ፤ ማስተማር ጀመርኩ።

የቪዲዮውን አቀራረጽ ልንገራችሁ። ሁለት ዱካ አቀራርባለሁ። በላያቸው የሰሌዳውን ረጅም የእንጨት ማስመሪያ አጋድማለሁ። ስልኬን ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ በላስቲክ ማስመሪያው ላይ አስረዋለሁ። ከሥሩ ወረቀት ዘርግቼ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ እየጻፍኩ እናገራለሁ። ጉልበቴ እስካሁን አልረሳውም። የሦስት ዓመት ልጄ በየመሀሉ እጇን ካሜራው ሥር ታስገባለች። ዶሮው ይጮሃል። ጎረቤቴ በአጥር በኩል "ቡና ፈልቷል፣ ነይ!" ትላለች።

"እትዬ፣ ኮሮና እኮ ነው።"

"ታዲያ ኮሮና ቡና ይከለክላል? ራቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ!"

እንዲህ ሆኖ የተቀረጸ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 90 ሜጋባይት ይሆናል። እሱን ለመጫን ሌሊት መጠበቅ ነው። ጠዋት ስነሳ ግሩፑ ላይ "እናመሰግናለን ቲቸር" የሚል መዓት ነው፤ ከዚያ አሥራ ምናምን የቤት ሥራ ፎቶ። ሁልጊዜ የሚመልሱት 19 ልጆች ነበሩ። እኔ ግን 19ኙን እያየሁ ክፍሉ ሙሉ ይመስለኝ ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ መምህራን ፕላዝማን፣ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው በሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል። "አሁን ይህን ሥሩ" ይላል፤ ጥቂት ይጠብቅና መልሱን ነግሮ ያልፋል። ማን እንደሠራ አያውቅም። እኛ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተናል። ነገሩን የሚያድነው ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ነበር። ፕላዝማው ሲያበቃ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ ጠቅለል አድርጎ ያስረዳናል። የዚያች ልጅ አውራ ጣት የነገረኝ ይህን ነው፦ እኔ ፕላዝማ ሆኛለሁ፤ ከጎኔ ደግሞ የሚያድነኝ መምህር የለም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከሪከርድ ክፍል የተማሪዎቹን የምዝገባ ቅጽ አስወጣሁና የወላጆችን ስልክ በአንድ ወፍራም ደብተር ገለበጥኩ። ከዚያ ግሩፑ ላይ ለሌሉት ለ144ቱ አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። 11 ቀን ፈጀብኝ። 38 ቁጥር አይሠራም። የቀሩት ግን ስልኩን አነሱ። ከዚያ ስልክ ያገኘሁትን ያህል ትምህርት ከየትኛውም ስልጠና አላገኘሁም።

ለምሳሌ እኔ "ስልክ የላቸውም" ብዬ ነበር የማስበው። ብዙዎቹ ቤት ስልክ አለ። አባትየው ይዞት ነው የሚወጣው። አንዱ ልጅ አባቱ ባጃጅ ነጂ ነው። "ስልኩ ቤት የሚገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው ቲቸር፤ ቻርጁም አልቆ ነው የሚመጣው" አለኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄዬን ጠዋት ሦስት ሰዓት ለጥፌ "እስከ ስድስት ሰዓት ያልላከ ዜሮ" እል ነበር።

አንዲት እናት ደግሞ ከደሴ ወጣ ብሎ በኩታበር በኩል ናቸው። ልጃቸው የቤቱን ሥራ ሁሉ ተረክባለች። ትምህርት ሲዘጋ "ቤት ነሽ" ተባለች፤ ውሃውም እንጨቱም ታናናሾቿም እሷ ላይ ሆኑ። ስለ ቴሌግራም ሳነሳባቸው፣ "መምህርት፣ ዛሬ ለትምህርት ብዬ ስልክ ካስያዝኳት ነገ ምን እንደምታይ በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። ልከራከራቸው አፌን ከፍቼ መለስኩት። ምክንያቱም ያኔ በሴቶቹ ተማሪዎቼ ላይ ያጠፋሁትን አውቃለሁ።

ይህን ጥፋት በደንብ ስሙልኝ። መጀመሪያ ሰሞን "እርስ በርስ ተደዋውላችሁ አጥኑ" ብዬ የግሩፑን ልጆች ሁሉ ስምና ስልክ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ወንዶቹ ሌሊት ሌሊት ለሴቶቹ መደወል ጀመሩ። አንዷ ዝም ብላ ከግሩፑ ወጣች። ወንድሟ ደውሎ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ እውነቱን ነበር። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ግን አንዴ የወጣ ቁጥር አይመለስም። ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚቀመጠው እኔ ደብተር ላይ ብቻ ሆነ። ግሩፑ ላይ የምለጥፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ተማሪ በኢንቦክስ ይመልሳል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቁጥራቸውን ማንም እንዳያየው እንዲያደርጉ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ በስልክ እየመራሁ አስደረግኩ። ግሩፕ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በፊት!

ቪዲዮውን ተውኩት። የ5 ደቂቃ ድምፅ ከ1 እስከ 2 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። በየእርምጃው ጎን ቁጥር አደርጋለሁ፦ 1፣ 2፣ 3። ፎቶ አነሳዋለሁ። ከሥሩ ድምፅ እልካለሁ፦ "አሁን ሁለት ቁጥር ላይ ተመልከቱ። ይቺ 80 ከየት መጣች?" ያኔ የ5 ብር ካርድ የሞላ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ይከታተለኝ ነበር። ጉልበቴም አረፈ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁን በአማርኛ አደርገዋለሁ፤ ቃሉን ግን በእንግሊዝኛም እደግመዋለሁ። ከድምፄ ኋላ አዛን ከገባ ይግባ። ልጆቹ እንደውም "ቲቸር፣ የእናንተ ሰፈር መስጊድ ከእኛ ይቀድማል" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ። ጥያቄ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይመጣልኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሌሊት ተናድጄ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ልጆቹ ለሱሑር ነቅተዋል፣ አባት ቤት ነው፣ ስልኩ ነፃ ነው፣ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ ያኔ ርካሽ ነበር። ከዚያማ ትምህርቱን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለጥፌ ስልኬን አራት ሰዓት ላይ አጠፋለሁ፤ ጠዋት ቡና አፍልቼ የሌሊቱን ጥያቄ እመልሳለሁ። ስልክ ማጥፋቱን አትናቁት። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት ሁሉ ስመልስ ከርሜ ልጄ ላይ መጮህ ጀምሬ ነበር።

ወደ አውራ ጣቷ ልመለስ። ማንንም አልከሰስኩም። "ከዛሬ ጀምሮ የደብተር ፎቶ አልቀበልም፤ አንድ ጥያቄ መርጣችሁ እንዴት እንደሠራችሁት በሁለት ደቂቃ ድምፅ አስረዱኝ" አልኩ። ባለ ሂናዋ ልጅ የላከችው ድምፅ ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል። ልጁ ግን ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የ14 ሴኮንድ ድምፅ መጣ። ስምንቱ ሴኮንድ "እእእ..." ነው። ከዚያ፣ "ቲቸር፣ ወላሂ አልገባኝም።"

በወሩ ውስጥ ከዚያ ግሩፕ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር። ደወልኩለት። "አብሽር፣ ከየት ጀምሮ ነው የጠፋብህ?" አልኩት። ከሬሾ ጀምሮ ነው። ሬሾ የ7ኛ ክፍል ነገር ነው። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ላይ ስንት ሳምንት ስጮህ ከርሜ ልጁ የቆመው ከዚያ በፊት ነው። ለልጅቷም ሥራ ሰጠኋት፤ መልስ መላኩን ትታ ሁለቱን በድምፅ እንድታስረዳቸው። ተስማማች። "ግን ቲቸር፣ እነሱ ካርድ ይሙሉልኝ" አለች። ትክክል ናት።

ስልክ ጭራሽ የሌላቸውስ? ለእነሱ ወረቀት ነው መፍትሔው፤ ሌላ የለም። አምስት መምህራን ተነጋገርንና እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ገጽ አዘጋጀን። ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ከኪሳችን አስባዛን። ለጢጣ፣ ለገራዶና ለኩታበር ልጆች በታክሲ ላክን። ታክሲ ያኔ ግማሽ ሰው ብቻ ነው የሚጭነው፤ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ ረዳቶቹ ተማርረዋል። ግን "የተማሪ ወረቀት ነው" ስንላቸው አንድም ረዳት ብር ጠይቆን አያውቅም። ሌሎቹ ወላጆች ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ይወስዳሉ፤ ያለፈውን ይመልሳሉ። የተመለሰውን ወረቀት ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ሦስት ቀን ደጅ አሳድረዋለሁ። ያኔ ሁሉን ነገር እንፈራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። መጽሐፍ ላይ ያለውን ጥያቄ ገልብጬ ስሰድ ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑን ወደ ደጅ አወጣሁት። "አንድ ሜትር እንጨት ትከሉ። ጥላውን ለኩ። በዚያው ሰዓት የአንድ ዛፍ ጥላ ለኩ። ዛፉ ስንት ሜትር ነው?" እንጨቱ 80 ሳንቲ ሜትር ጥላ ካለው፣ 9 ሜትር ከ60 ጥላ ያለው ዛፍ 12 ሜትር ነው። ያ ብቻ ነው ጥያቄው። "በዚያው ሰዓት" የሚለውን አስምሩበት፤ ጠዋት እንጨቱን ለክተው ከሰዓት ዛፉን የለኩ ነበሩ። ደሴ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋ ላይ ይተኛል፤ በልጉም ነበር። "ቲቸር፣ ፀሐይ አልወጣችም" የሚል ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ በሒሳብ ትምህርት ተቀበልኩ።

ከኩታበር በኩል ያለ አንድ ልጅ በአጎቱ ስልክ ደወለልኝ። ባሕር ዛፋቸው 14 ሜትር መጣ። "አባቴ ለነጋዴው 14 ነው ብሎ ዋጋ አስጨመረ" አለኝ። ነጋዴው በዓይኑ 11 ነው ብሎ ነበር። ዛፉ ተቆርጦ ሲለካ 13 ከምናምን ሆነ። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ሁሉም ተሳካ እንዳትሉ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርትም ነበር፤ እኔ ጋ ካሉት ልጆች የሚከታተለው ጥቂት ነው። ሰኔ 23 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ሆነው። በእነዚያ ሳምንታት የቀጠለው ወረቀቱና ስልክ መደወሉ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ "ሁሉም ያልፋል" የሚለው ወሬ መጣ። በኋላም እንደተባለው ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር ሁሉም ተዛወሩ። ወሬው እንደተሰማ የሚመልሰው ልጅ ቁጥር በግማሽ ወረደ። ምን ይፈረዳል? እኔም ተማሪ ብሆን ኳሴን ነበር የምጫወተው።

ከሐረጎ ተራራ በታች፣ ኮምቦልቻ፣ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። የእሷ ተማሪዎች ሁሉም ስልክ አላቸው። "አንቺ ተገላገልሽ" እላት ነበር። እሷ ግን በቀን ሦስት ቪዲዮ እንድትልክ ታዝዛ፣ ደመወዟ ግማሽ ሆኖ፣ ቪዲዮዋን ወላጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየ "ልጄን ስም ጠርተሽ አላበረታታሽውም" የሚል ስልክ ይደርሳታል። የሚቆጠረው የቪዲዮው ብዛት ነው፤ ማን እንደገባው የጠየቃት የለም። የመንግሥት መምህር በመሆኔ ቢያንስ ደመወዜ አልተቋረጠም፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው።

ጥቅምት 2013 ላይ ደረጃ በደረጃ ተከፈተ። አንድ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ፣ በፈረቃ፣ በማስክ። ክፍሉን ስከፍት ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖቼ ሰሌዳው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አቧራ ብቻ ነው የለበሱት። የመጀመሪያ ሳምንት ማርክ የሌለው አጭር ፈተና ሰጠሁ። ስም እንኳ አልጠየቅኩም፤ በወረቀት የተከታተሉት "ወ"፣ በቴሌግራም የተከታተሉት "ቴ"፣ ምንም ያላገኙት ባዶ እንዲተዉት ነው ያልኩት። "ወ" ያላቸው ከ"ቴ"ዎቹ አላነሱም። ጥላ የመለካቱ ጥያቄ ላይ እንደውም በለጡ። ባዶዎቹን ግን ከ7ኛ ክፍል ሬሾ ነው የጀመርኩላቸው። ጭራሽ ያልተመለሱም ነበሩ። አንዷ ተድራለች። ሁለት ወንዶች የቀን ሥራ ገብተዋል። አንደኛውን ሄጄ አነጋገርኩት፤ "በማታው ክፍል እመጣለሁ ቲቸር" አለኝ። አልመጣም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደገና ተዘጋን። ያኔ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም፤ ስለ ቴሌግራም የሚያወራ ማንም የለም። ከቤት ስንወጣ ይዤ የወጣሁት የልጄን ልብስ፣ የትምህርት ማስረጃዬን እና ያንን ወፍራም ደብተር ነው። ስንመለስ ሪከርድ ክፍሉ ወለል ላይ ወረቀት ተበታትኖ ነበር። ኔትወርክ እንደመጣ የደወልነው ከደብተሬ ላይ ነው።

አሁንም በየዓመቱ አዲስ ክፍል ስረከብ በመጀመሪያው ቀን ሩብ ወረቀት አድላቸዋለሁ። አራት ነገር ይሞላሉ፦ ቤታችሁ ያለው ስልክ የማን ነው? ድምፅ ይቀበላል ወይስ ለመደወል ብቻ ነው? ወረቀት ቢላክላችሁ የትኛው ሱቅ ይቀመጥላችሁ? አራተኛው ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ፦ ስልኩ ስንት ሰዓት ቤት ይገባል?